ዘጠነኛዋ ጥያቄ

ጠመኔ ያለቀበት ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል፤ ደወሉ የተበላሸበትም ሞልቷል። ሳያነብ የማይፈርም ወላጅ የሌለበት ትምህርት ቤት ግን እስካሁን አልተሠራም። አርባ ወላጅ የተላከለትን ወረቀት ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ወይም በአንድ እጁ ድስት እያማሰለ፣ ወይም ስልክ እያወራ ይፈርማል። አርባ አንደኛው መነጽሩን ያወጣል። መምህራን ይህን ሰው በእርምጃው ያውቁታል፤ በበሩ ብቅ ሲል ግማሾቹ የጠፋ መጽሐፍ ፍለጋ መደርደሪያ ሥር ይገባሉ።

የአራተኛ «ለ» መምህርት ግን መደበቂያ አልነበራትም፤ የሰውየው ልጅ ያለችው እሷ ክፍል ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሰውየው ስም «ክቡር አቶ ላንብበው» ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው በውል አይታወቅም። መምህርቷ ራሷ ናት እያሉ የሚያሟት አሉ፤ እሷም አጥብቃ አላስተባበለችም። ምን ታድርግ፣ ወረቀት በተዘረጋላቸው ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው።»

ክቡርነታቸው ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ተቆጣጣሪ ናቸው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሶቹ ሞተራቸውን አስነስተው ሲሰለፉ፣ እሳቸው ባትሪ ይዘው ከጎማ ጎማ እየተንበረከኩ ይዞራሉ። ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ የበሩን ላስቲክ ሳይቀር ያያሉ። በመጨረሻ ይፈርማሉ። እሳቸው ያልፈረሙለት አውቶቡስ ከግቢው አይወጣም። አንድ ቀን አንዲት ብሎን ጎድላ ሰባት ቁጥርን አርባ ደቂቃ ቢያቆሟት፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲፈርም የኖረ እጅ፣ ወረቀቱ ከትምህርት ቤት መጣ ተብሎ መቸኮል አይሆንለትም።

መምህርቷ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ያየችውን እሷ ታውቀዋለች። ክፍሉ ለጉብኝት ሊወጣ የፈቃድ ወረቀት ሲላክ፣ ክቡርነታቸው የጉብኝቱን ሐሳብ አመስግነው፣ የሚከራየው አውቶቡስ ጎማ ከተቀየረ ስንት ጊዜ እንደሆነው በጽሑፍ ጠየቁ። የቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ሲላክ፣ አንቀጽ አራት «መጽሐፍ የቀደደ ይተካል» እንደሚል፣ አንቀጽ ሰባት ደግሞ «የቀደደ ይቀጣል እንጂ አይተካም» እንደሚል ጠቅሰው፣ ልጃቸው ድንገት ብትቀድ ለየትኛው አንቀጽ እንደምትታዘዝ እንዲነገራቸው አመለከቱ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት በወጣ ማግስትማ ካርዱን ይዘው ራሳቸው መጡ።

«መምህር፣ አማካዩ ላይ ስህተት አለ።»

መምህርቷ ወገቧን ያዘች። «ምን ያህል አጎደልኩባት?»

«አላጎደሉባትም። ዜሮ ነጥብ አራት ጨምረውላታል።»

በዚያው ልጅቷ ከሦስተኛ ደረጃ ወደ አራተኛ ወርዳ ወደ ቤቷ ሄደች። መምህርቷ በመስኮት ስታያቸው አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሳሳቁ ነበር። ምኑ እንዳሳቃቸው እስከ ዛሬ አልገባትም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የበሩ ነገር ነው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከተሰቀለ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያነበበው ሰው የለም። አንድ ዝናባማ ቀን ዘበኛው ለጉዳይ ዞር ብሎ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ ክቡርነታቸው ደርሰው ሰሌዳውን አነበቡና ቆሙ። ሰው በግራና በቀኛቸው እየሮጠ ሲገባ፣ እሳቸው ፈቃድ የሚሰጣቸው እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ዝናብ ጠጡ። ዘበኛው ሲመለስ «ምነው ጋሼ፣ አይገቡም ነበር?» ቢላቸው፣ ጣታቸውን ወደ ሰሌዳው ቀሰሩ። ዘበኛው ያን ቀን ሰሌዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው።

እንግዲህ የጥርስ ምርመራው ወረቀት የሄደው እኚህ ሰው ደጅ ነው።

ሰኞ ዕለት ነው። ሐሙስ ጠዋት ከክሊኒክ የጥርስ ሐኪም መጥታ የአራተኛ «ለ»ን ልጆች በሙሉ ልታይ ቀጠሮ ይዛለች። ወላጁ ፈቅዶ ያልፈረመለት ልጅ ግን አይታይም። መምህርቷ የፈቃድ ቅጹን ከጸሐፊዋ ተቀብላ ለአርባ አንዱም ልጆች አደለች፤ ሦስት ጊዜም አስጠነቀቀች።

«ወላጆቻችሁ ሳጥኗ ውስጥ ምልክት አድርገው ከታች ይፈርሙ። ምን አልኩ?»

«ሳጥኗ ውስጥ ምልክት!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ይህን ያህል የወተወተችው በከንቱ አልነበረም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ የክቡርነታቸው ልጅ፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ምሳዋን የምታኝከው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ዳቦውን ቆርሳ ወደ ግራ ጉንጯ ትወስድና፣ ቀኙን እንደ ተዘጋ ክፍል ትተወዋለች። «አሞሻል?» ስትባል «ደህና ነኝ ቲቸር» ትላለች። መምህርቷ ይህችን ልጅ ሐኪም ሳያያት ሐሙስ እንዳያልፍ አጥብቃ ፈልጋለች። ስለዚህም ከአርባ አንዱ ወላጅ ሁሉ የአንዱ ፊርማ ነበር እንቅልፍ የነሳት።

ማክሰኞ ሠላሳ ስድስት ቅጽ ተፈርሞ ተመለሰ። ረቡዕ ጠዋት አርባ ሞላ። የቀረው አንድ ነው፤ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በቅጹ ፋንታ በአራት የታጠፈ ወረቀት መጣላት። አናቱ ላይ በማስመሪያ በተሰመረ መስመር «ከመፈረሜ በፊት እንዲብራሩልኝ የምፈልጋቸው» ይላል። ከሥሩ አሥራ አንድ ጥያቄዎች ተደርድረዋል። መምህርቷ ሦስቱን አነበበች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ከታ መሳቢያውን በጉልበቷ ዘጋችው።

በእረፍት ሰዓት ክቡርነታቸው ሰማያዊ የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሩን አንኳኩ። ቅጹን ከደረት ኪሳቸው፣ መነጽራቸውን ከሌላኛው ኪስ አወጡ።

«መምህር፣ እዚህ ላይ ‹ምርመራ› ይላል። ማየት ነው ወይስ መንካት?»

«ማየት ነው።»

«በምን?»

«በትንሽ መስታወት።»

«መስታወቷ አፍ ውስጥ ትገባለች?»

«ትገባለች።»

«እንግዲያው መንካት አለበት ማለት ነው።» በእርሳስ አንድ ነገር ጻፉ። «ጥርስ ይነቀላል?»

«በፍጹም። የተበላሸ ከተገኘ ደብዳቤ ይላክልዎታል።»

«ደብዳቤውን አነበዋለሁ።»

«እሱን አልጠራጠርም» አለች መምህርቷ። ከዚያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይስሙኝ፣ ልጅዎ በቀኝ በኩል አታኝክም። አስተውለዋል?»

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸው የሌላ ሰው ይመስላል፤ የደከመና የዋህ ነው። «አስተውያለሁ። ስጠይቃት ደህና ነኝ አባዬ ትለኛለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔን ላለማስጨነቅ የማትደብቀው ነገር የለም። አውቶቡስ እንኳ ሲያመው ይንኳኳል፤ እሷ ግን ዝም ነው። እና መምህር፣ እሷ የማትነግረኝን ወረቀቱ ይነግረኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

መምህርቷ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት እሳቸው መነጽራቸውን መልሰው አድርገዋል። «ወደ ዘጠነኛዋ ልለፍ። ይቺ ሳጥን...»

ደወሉ ተደወለ። ኮሪደሩ በጩኸት ተሞላ።

«በፈጠረዎት፣ ይፈርሙልኝና ልግባ!» አለች መምህርቷ።

ክቡርነታቸው ቅጹን አተኩረው አዩት፤ እሷንም አዩ። ከዚያ ዳር ላይ አንድ ሁለት መስመር በደቃቅ ጽሕፈት ሞነጫጭረው ፈረሙ። ወዲያው ሌላ ወረቀት ከኪሳቸው መዘዙ። «ይሄኛውን ደግሞ እርስዎ ይፈርሙልኝ።»

መምህርቷ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፈረመች።

«አላነበቡትም» አሉ ክቡርነታቸው።

«አንብቤዋለሁ።»

ክቡርነታቸው ትኩር ብለው አዩዋት። ፍሬን አጥብቄያለሁ ብሎ የማለላቸውን መካኒክ የሚያዩት እንዲህ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች አያይዘው ሰጧትና ወጡ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ የጥርስ ሐኪሟና የምርመራውን ውጤት የሚመዘግብላት ባልደረባዋ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መብራታቸውን ተከሉ፣ መስታወቶቻቸውን ደረደሩ። መምህርቷ አርባ አንዱን ቅጾች በአንድ ክምር አቅርባ፣ የድል አድራጊ ፊት ይዛ ቆመች። መዝጋቢው አንድ በአንድ ገለጠ። እስከ መጨረሻው ደረሰ፣ ተመለሰና እንደገና ገለጠ።

«የምትመረመረው ልጅ ትምጣ» አለ።

«የትኛዋ?»

«አንዷ ናት ያለችው።»

መምህርቷ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። መዝጋቢው የሚቀልድ ሰው አልነበረም። ከክምሩ አንዱን ቅጽ አንስቶ ሰጣት። ከሳጥኗ አጠገብ ያለውን አነበበች፤ «ልጄ እንዲመረመር አልፈቅድም» ይላል። ሁለተኛውን አነሳች፤ እሱም «አልፈቅድም» ይላል። አርባ ወላጅ አልፈቅድም የሚለው ሳጥን ውስጥ ደማቅ ምልክት አድርጎ፣ ከታች በፊርማው አጽንቶ መልሷል። ከአርባው አንዱ የራሷ ጽሕፈት ነው፤ ትንሿ ልጇ የምትማረው እዚያው ክፍል ውስጥ ነውና፣ ሰኞ ማታ ምድጃ ጠርዝ ላይ አስደግፋ የፈረመችው ቅጽ። የእሷ ምልክት ከሁሉም ይበልጥ ያምር ነበር።

ነገሩ ሲጣራ ቀላል ነው። ክሊኒኩ የላከው ቅጽ ሁለት ሳጥን ነበረው፤ ከላይ «እፈቅዳለሁ»፣ ከታች «አልፈቅድም»። ጸሐፊዋ ወረቀት ለመቆጠብ ብላ በአንድ ገጽ ሁለት ቅጽ ልታስገባ ስትከረክም፣ የላይኛው መስመር ከነሳጥኑ ተቆርጦ ቀረ። መምህርቷ ደግሞ ስለ ቀረችው ሳጥን ሦስት ጊዜ አውጃለች።

ርዕሰ መምህሩ እየሮጡ መጡ። «ዶክተር፣ መፍቀዳቸው እኮ የታወቀ ነው!»

«ለእርስዎ ይታወቅ ይሆናል» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እየሳበች። «ለእኔ አርባ ሰው አይሆንም ብሎ ፈርሞልኛል። አይሆንም የተባልኩትን አፍ አልከፍትም። እስከ ሰባት ሰዓት እዚህ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

መምህርቷ አርባ አንደኛውን ቅጽ አነሳች። ሳጥኗ ባዶ ናት። ዳር ላይ በደቃቅ ጽሕፈት «ሳጥኗ ባዶ የተተወችው ሆን ተብሎ ነው። እፈቅዳለሁ» ይላል። ወደ ክፍሏ ሮጣ መሳቢያውን ከፈተች፣ በአራት የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋች። «ዘጠነኛ፦ ከሳጥኗ አጠገብ ያለው ቃል ‹አልፈቅድም› ነው። የፈቀደ ወላጅ ምልክቱን የት ያድርግ?» ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበረች። መምህርቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ቅር አይላትም ነበር።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስትመለስ ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። መዝጋቢው ከቅጹ ጋር የተያያዘውን ሁለተኛ ወረቀት ይዟል።

«ይሄ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«ነው።»

«‹ልጄ ስትፈራ አትናገርም› ይላል። ‹የግራ አውራ ጣቷን ጭብጧ ውስጥ ትደብቃለች። ይህን ሲያዩ እጇን ይያዙልኝ፤ እስኪያልቅም አይልቀቁት። ይህን ለማድረግ የተስማማሁት ከዚህ በታች ፈርሜያለሁ።›» ቀና አለ። «ፈርመዋል።»

መምህርቷ ወደ ልጅቷ እጅ አየች። አውራ ጣቷ የለችም። ጭብጧ ውስጥ ገብታለች። አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ያዘች፤ ጣቶቿ ቀስ በቀስ ተፈቱና የመምህርቷን መዳፍ አጥብቀው ጨበጡ። ይህን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሳታነበው መፈረሟ ያን ጊዜ ነው የቆጫት።

ሐኪሟ በመስታወቷ ብዙ አየች። «ቀኝ ታች፣ የኋለኛው መንጋጋ ተቦርቡሯል» አለች። «ሥሩ ጋ ግን አልደረሰም። በዚህ ሳምንት ከታከመች ጥርሷ ይተርፋል። ሁለት ወር ቢቆይ ኖሮ መንቀል ነበር። የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ሁሉ ሲያምሽ ለምን ዝም አልሽ?»

ልጅቷ አፏ እስኪዘጋላት ጠበቀችና «አባዬ እንዳያስብ» አለች።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ክቡርነታቸው በሩ ላይ ደረሱ፤ ከዘበኛው ፈቃድ ተቀብለው ገቡ። አውቶቡሶቹ ወጥተዋል፣ እስከ ስምንት ሰዓት አይመለሱም።

«እጇ ተያዘ?»

«ተይዟል» አለች መምህርቷ።

«እስኪያልቅ?»

«እስኪያልቅ።» ከዚያም የጥርሱን ነገር ነገረቻቸው። ክቡርነታቸው በአቅራቢያቸው ያለውን የልጆች ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወንበሩ ጉልበታቸውን አገጫቸው አደረሰው። ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ። መምህርቷ ይህን ጊዜ ሁሉንም ተናዘዘች፤ መሳቢያውን፣ ሦስት ጊዜ ያስጮኸችውን መፈክር፣ አርባውን ምልክት፣ ሐኪሟ ሰባት ሰዓት ላይ እንደምትሄድም ሳይቀር።

«ዘጠነኛዋን አላነበብኳትም» አለች። «ይፍረዱብኝ።»

የሚፈርዱባት መስሏት ጠበቀች። ሃያ ሁለት ዓመት ብሎን ሲለቅም የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ቀን ቢያጣጥመው ማን ይፈርድበታል? ክቡርነታቸው ግን ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለት ሰዓት ተኩል አለን። አዲሱ ቅጽ የታለ?»

«አዲስ ቅጽ የለም።»

«እንግዲያው እንጻፋ።»

መምህርቷ ጻፈች፤ እሳቸው ከትከሻዋ በላይ አነበቡ። አራት ጊዜ ሰረዙባት። በአምስተኛው ዝም አሉ፤ ቅጹ ወደ ማባዣው ሄደ። ርዕሰ መምህሩ፣ ጸሐፊዋና ዘበኛው ስልክ ተከፋፍለው ወላጅ ጠሩ። ክቡርነታቸው የዘበኛውን ጠረጴዛ በር ላይ አወጡና ሥራ ጀመሩ። ማንም ወላጅ ቅጹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይነበብለት ብዕር አይሰጠውም።

«እንዴ፣ መኪናዬን መንገድ ላይ አቁሜ ነው የመጣሁት!» አለች አንዲት እናት። «ልፈርምና ልሂድ።»

«ይስሙኝ፣ እህቴ። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው።»

«አንብቤዋለሁ አልኩዎት እኮ!»

«ሰኞም አንብበውት ነበር።»

እናትየዋ ሰማች። ከኋላዋ ያሉትም ሰሙ። አንድ ግንበኛ አባት ሲሚንቶ በለበሰ ጫማው ቆሞ እስከ ፍጻሜ አዳመጠና፣ «እስቲ ሦስተኛዋን መስመር ይድገሙልኝ» አለ። ክቡርነታቸው ቀና ብለው ሲያዩት ፊታቸው በራ። ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉትን ሰው ያገኙ ይመስሉ ነበር። ደገሙለት።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ መምህርቷ ሰልፉን አልፋ የራሷን ልጅ ቅጽ ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ክቡርነታቸው ብዕሩን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«እርስዎም ወላጅ ነዎት።»

«ቅጹን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ጽፈውታል። ይሰለፉ።»

ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ እጇን አጣምራ ቆማ ሰማች፣ ከዚያ ፈረመች። ሰባት ሰዓት ሲሞላ ከአርባው ሠላሳ አራቱ ታይተዋል። ሐኪሟ በሩ ላይ ያለውን ጠረጴዛ አየችና፣ ለቀሩት ስድስት በሚቀጥለው ማክሰኞ እመጣለሁ ብላ ሄደች። ክቡርነታቸውም አውቶቡሶቻቸውን ሊቀበሉ ወደ ጋራዣቸው ወረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ «ላንብበው» የሚለውን ስም የሚያነሳ ሰው ካለ፣ መምህርቷ ዓይኗን አፍጥጣ ታየዋለች። «ክቡር» የሚለውን ግን አልተወችውም፤ አሁን የምትለው ከልቧ ነው።

በወሩ የዓይን ምርመራ ቅጽ መጣ። መምህርቷ በዚህኛው ጊዜ ጸሐፊዋን አላስቸገረችም። ራሷ ጻፈች፣ ሦስት ጊዜ አነበበች፣ በማግስቱ አራተኛ አነበበች። ሳጥኖቹ ሁለት ናቸው፣ ቃላቱ በየቦታቸው ናቸው፣ እንከን የሚባል አይወጣለትም። ወደ ጋራዡ ልትወርድ ስትነሳ ግን አንድ ነገር ጨነቃት። እኚያ ሰው ይህን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ ምንም ሳያገኙበት መነጽራቸውን ሲያጥፉ ታያት። ልቧ እሺ አላላትም። ተመልሳ ተቀመጠችና ቀኑን አበላሸች፤ ምርመራው ሐሙስ ሆኖ ሳለ «ረቡዕ» ብላ ጻፈች።

ክቡርነታቸው በመስታወት በተከለለችው ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ዛሬ የወጡት አውቶቡሶች ወረቀት በሚስማር ተሰክቷል፤ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ፊርማ አለ። አሮጌ የአውቶቡስ ወንበር አቀረቡላት። ጥርሷ የተሞላላት ልጃቸው ትናንት በሁለቱም ጉንጮቿ በቆሎ ስትግጥ እንዳመሸች ነገሯት። ከዚያ ቅጹን ተቀበሉ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው።»

«ይረጋጉ፣ ጊዜ አለኝ» አለች መምህርቷ፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ውጭ አየች።

አነበቡ። ጣታቸው በየመስመሩ ሥር እየሄደ አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ፤ እርሳሳቸውን አወጡና በደስታ አከበቡ። ደስታቸውን አይታ መምህርቷ በሥራዋ ኮራች። ጣታቸው ግን መንገዱን ቀጠለ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ሌላ ቦታ ላይም ቆመ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት።

«መምህር» አሉ፣ «ሁለት ስህተት አለበት።»

እሷ ያስገባችው አንድ ብቻ ነበር።